«ዋርም አፕ» ስንት ትርጉም አለው? ከጂም እስከ ማይክሮዌቭ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት እስከ ዜና

«ዋርም አፕ» የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። ኳስ ሜዳ ላይ ይባላል፣ ጂም ውስጥ አሰልጣኙ ይለዋል፣ ቲክቶክ ላይም በየቀኑ ያልፋል። ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው አንዱን ትርጉም ብቻ ነው፦ ከስፖርት በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ። ችግር የሚመጣው ቃሉ ሌላ ቦታ ሲያጋጥመን ነው።

ለምሳሌ ውጭ አገር ሕፃን የምትይዝ እህታችን አሠሪዋ «ወተቱን ዋርም አፕ አድርጊው» ብትላት ልታፈላው ትችላለች። የተባለችው ግን ለብ አድርጊው ነው። ወይም ደግሞ የውጭ ዜና ተርጉሞ የሚፖስት ልጅ «የሁለቱ አገራት ግንኙነት ዋርም አፕ እያደረገ ነው» የሚል ርዕስ ቢያይ «ፍጥጫው ጋለ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ዜናው ስለ እርቅ ነበር፣ በእሱ እጅ ግን ጠብ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ይህችን ቃል ከነትርጉሟ፣ ከነአጠቃቀሟና ከነወጥመዷ እናያታለን። ለእንግሊዝኛ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ውጭ አገር የምትሠሩ፣ ወይም ፊልም ያለ ሰብታይትል ማየት የምትፈልጉ ሁሉ ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ

«ዋርም አፕ» ፍሬዛል ቨርብ ይባላል። ማለትም አንድ ግስና አንድ ትንሽ ቃል ተጣምረው እንደ አንድ ግስ ሲሠሩ ነው። «ዋርም» ብቻውን ሞቅ ያለ ማለት ነው። የእንግሊዝኛውን የሙቀት መሰላል ከታች ወደ ላይ ብንደረድረው እንዲህ ይመጣል፦

• ኮልድ = ቀዝቃዛ
• ኩል = ቀዝቀዝ ያለ
• ሉክዋርም = ለብ ያለ
• ዋርም = ሞቅ ያለ፣ የማያቃጥል፣ ደስ የሚል
• ሆት = ትኩስ፣ የሚያቃጥል

«አፕ» ደግሞ ወደ ላይ ማለት ነው። ከ«ዋርም» ጋር ሲሆን ሙቀቱ ከነበረበት ደረጃ ከፍ እያለ መምጣቱን ያሳያል። ስለዚህ «ዋርም አፕ» ውስጥ ሁልጊዜ ጉዞ አለ። ቀዝቃዛ የነበረ ነገር፣ ሰው ወይም ስሜት ወደ ሞቅታው እየሄደ ነው። ከታች የምናያቸው ትርጉሞች ሁሉ ከዚህች አንድ ሐሳብ የወጡ ናቸው። ይህችን ከያዛችሁ የማታውቁት ቦታ ላይ ብታገኙትም ትርጉሙን መገመት ትችላላችሁ።

አጠራሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኛ «ዋርም» ብለን ለምደነዋል፣ እንግሊዝኛው ግን ወደ «ዎርም» ይጠጋል። «ፎርም ሙላ» ስንል «ፎርም» እንደምንለው ማለት ነው፤ ቤት ይመታል። ወደ «ወርም» ካደረጋችሁት ደግሞ ትል ማለት ይሆናል። «ትል አስገባልኝ» እንዳትሉ። ኃላፊ ጊዜው «ዎርምድ አፕ» ነው፣ «ዎርሚድ» የሚባል ነገር የለም። ፈጠን ብሎ ሲነገር ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው «ዎርምዳፕ» ሆኖ ይሰማል። ፊልም ላይ ያልያዛችሁት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

አንድ ልዩነት አሁኑኑ ልብ በሉ። አማርኛ ሁለት ግስ አለው፦ ሞቀ እና አሞቀ። «ሾርባው ሞቀ» እና «ሾርባውን አሞቀው» አይምታቱብንም። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም ያው «ዋርም አፕ» ነው። ማን ምን እንዳደረገ የምታውቁት በአረፍተ ነገሩ አሠራር ብቻ ነው። «ዘ ሱፕ ኢዝ ዋርሚንግ አፕ» = ሾርባው እየሞቀ ነው። «አይ አም ዋርሚንግ አፕ ዘ ሱፕ» = ሾርባውን እያሞቅኩ ነው።

አሁን ወደ ትርጉሞቹ።

1. አየር፣ ቤት፣ ሰውነት ሲሞቅ

መሠረታዊው ትርጉም ይሄ ነው። ጠዋት ብርድ ነበር፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣችና ሞቀ፦ «ኢት ዋርምድ አፕ»። ዝናብ መትቶት የገባ ሰው እሳት ዳር ቁጭ ሲል «አይ ኒድ ቱ ዋርም አፕ» ይላል፣ ልሙቅ ማለቱ ነው።

የአየር ንብረት ዜና ላይም ይመጣል፦ «ዘ ፕላኔት ኢዝ ዋርሚንግ አፕ»። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. 2024 እስካሁን ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነበር፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይበልጣል። ግን ስሙን ስትጠሩ «አፕ» ይወድቃል። «ግሎባል ዋርሚንግ» ነው የሚባለው፣ «ግሎባል ዋርሚንግ አፕ» አይባልም። ይህን ስም አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዋላስ ብሮከር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ተጠቅሞበታል፤ ከዚያ በኋላ እየተለመደ መጣ።

2. የቀዘቀዘ ምግብ ማሞቅ

የትናንት ወጥ አለ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድሯል። «ዋርም ኢት አፕ» = አሙቀው፣ አሙቂው። አዲስ ምግብ መሥራት አይደለም፣ የተሠራውን እንደገና ማሞቅ ነው። ጥሬ ሥጋን «ዋርም አፕ» አድርጌ በላሁ ካላችሁ አብስያለሁ ማለት አይሆንም፣ ሰሚውም ይደነግጣል። ማብሰል «ኩክ» ነው።

እዚህ ጋር ጤናም አለበት። ቃሉ ለስላሳ ቢሆንም የተረፈ ምግብ ለብ ብሎ ብቻ መበላት የለበትም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የሚመክረው የተረፈ ምግብ እንደገና ሲሞቅ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ ነው፤ በደንብ እንፋሎት እስኪያወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ለአዋቂ ምግብ «ዋርም አፕ» ሲባል በደንብ አሙቁት።

ለሕፃን ወተት ግን ተቃራኒ ነው። «ዋርም አፕ ዘ ቦትል» ሲባል ጡጦው ለብ ይበል ማለት ነው፣ የሰውነት ሙቀት ያህል። ጡጦውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ከዚያ ጠብታ የእጃችሁ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ማይክሮዌቭ አይመከርም። ወተቱን እኩል ስለማያሞቀው አንዱ ቦታ ለብ ብሎ ሌላው ቦታ የሕፃኑን አፍ ሊያቃጥል ይችላል። ማፍላት ከተፈለገ የሚባለው ቃል ሌላ ነው፦ «ቦይል»። አሠሪያችሁ የቱን እንዳለች ካልሰማችሁ ድጋሚ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሜሪካ ቁርስ ቤትና ካፌ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ለየት ያለ አለ። አስተናጋጅ ወደ ደንበኛ ጠጋ ብላ «ካን አይ ዋርም ዛት አፕ ፎር ዩ?» ስትል ስኒውን ወስዳ ልታሞቀው አይደለም። የቀዘቀዘው ቡና ላይ ትኩስ ልጨምርልህ ወይ ማለቷ ነው።

3. ከስፖርት በፊት ማሟሟቅ

የሁላችንም የድሮ ወዳጅ። አማርኛው የታወቀ ነው፦ ማሟሟቅ፣ ሰውነት ማፍታታት። ስፖርት ጋዜጠኞችም «ተቀያሪው እያሟሟቀ ነው» ይላሉ። እንግሊዝኛው «ሂ ኢዝ ዋርሚንግ አፕ» ነው።

ዋርም አፕ ዝም ብሎ እጅና እግር ማወናጨፍ አይደለም። የልብ ምት ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ መገጣጠሚያ ይፍታታል። ለእግር ኳስ ፊፋ ያስተዋወቀው «11 ፕላስ» የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። በ3 ክፍል የተከፈሉ 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ በጠቅላላው 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። መጀመሪያ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ቀጥሎ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻ ፈጠን ያለ ሩጫ። ዓላማው ጉዳትን መቀነስ ነው። የሰፈር ቡድን ያላችሁ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት፣ ኳስ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

በዚሁ መስመር የምትሰሟቸው ቃላት፦

• ዋርም አፕ ሴት = ጂም ውስጥ ዋናውን ክብደት ከማንሳት በፊት በቀላል ክብደት የሚሠራ ዙር
• ዋርም አፕ ትራክ = ትልልቅ የአትሌቲክስ ውድድሮች ላይ ከዋናው ስታዲየም አጠገብ የሚገኝ የማሟሟቂያ መም
• ዋርም አፕ ማች = ከውድድር በፊት ለዝግጅት የሚደረግ ጨዋታ። የወዳጅነት ጨዋታ ሁሉ ግን ዋርም አፕ ማች አይደለም፣ ፊት ለፊቱ ውድድር ሊኖር ይገባል
• ኩል ዳውን = ከስፖርቱ በኋላ ሰውነትን ቀስ እያሉ ማብረድ። እንግሊዞች «ዋርም ዳውን» ሲሉም ትሰማላችሁ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው

«ስትሬች» ግን ሌላ ነው። ስትሬች ማለት ጡንቻን መለጠጥ ነው። የዋርም አፕ አካል ሊሆን ይችላል እንጂ ብቻውን ዋርም አፕ አይባልም።

4. ድምፅ፣ ጣትና አእምሮ ማፍታታት

ዘማሪና ድምፃዊ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ያጎረምሳል፣ ከንፈሩን ያርገበግባል፣ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ይወስዳል። ይህም «ዋርም አፕ» ነው። ፒያኖ ተጫዋች ጣቶቹን ያፍታታል። የእንግሊዝኛ መምህር ዋናውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አጭር ጥያቄ ወይም ጨዋታ ሲያመጣ «ሌትስ ስታርት ዊዝ ኤ ዋርም አፕ» ሊል ይችላል። ኦንላይን ኮርስ የምትወስዱ ይህን ስታዩ ፑሽ አፕ ሊያሠሩን ነው ብላችሁ አትሳቁ፤ የመነሻ መልመጃ ማለት ነው።

የሥራ ኢንተርቪው ላይም ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ቀላል ጥያቄዎች፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ምናምን የሚባሉት፣ «ዋርም አፕ ኩዌሽንስ» ይባላሉ። ሰውየው እንድትረጋጉ ጊዜ እየሰጣችሁ ነው። በአንድ ቃል አትዝጉት፣ ደግሞም የሕይወት ታሪካችሁን አትዘርዝሩ።

5. ሞተርና ማሽን ሲዘጋጅ

መኪና ጠዋት ተነስቶ ወዲያው አይሄድም፣ ሞተሩ ይሞቃል። «ዘ ኢንጂን ኒድስ ቱ ዋርም አፕ» = ሞተሩ መሞቅ አለበት። ካርቡሬተር ያላቸው የድሮ መኪናዎች ላይ ይህ የግድ ነበር። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚሄድባቸው የአሁኖቹ ግን ብዙ ደቂቃ ቆመው መሞቅ አያስፈልጋቸውም፣ ቀስ ብሎ መንዳቱ ራሱ ቶሎ ያሞቃቸዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ማሞቅ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ልጁ «ትንሽ ጠብቁ» ሲላችሁ ስክሪኑን እዩት። «ዋርሚንግ አፕ፣ ፕሊዝ ዌይት» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ሰበብ አይደለም። ማሽኑ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አቅልጦ የሚያጣብቅ በጣም የሚግል ክፍል አለው፤ እሱ ሙቀቱ ላይ ካልደረሰ ቀለሙ አይይዝም።

6. መድረክን ማሟሟቅ

ትልቁ አርቲስት ከመውጣቱ በፊት ሌላ ልጅ ወጥቶ ሕዝቡን ያነቃቃል። እሱ «ዋርም አፕ አክት» ይባላል። አሜሪካኖች «ኦፕኒንግ አክት» ማለት ይቀናቸዋል። ተመልካች ስቱዲዮ ውስጥ እያለ የሚቀረጹ የኮሜዲ ድራማዎች ላይም ካሜራ ሳይከፈት ቀድሞ ተመልካቹን የሚያስቅ ኮሜዲያን አለ፣ ሥራው ራሱ «ዋርም አፕ» ይባላል። እኛ «መድረኩን አሟሟቀው» የምንለው ቁጭ ይሄ ነው። ድግስም እንደዚሁ፦ «ዘ ፓርቲ ኢዝ ዋርሚንግ አፕ» = ድግሱ ሞቅ ሞቅ እያለ ነው።

7. ከሰው ጋር መላመድ

ይህ ትርጉም ፊልም ላይ በብዛት አለ፣ ብዙ ሰውም ያልፈዋል። መጀመሪያ ዝግ ብሎ የነበረ ሰው ቀስ በቀስ ሲከፈት፣ ሲወዳችሁ፣ ሲያዋራችሁ «ዋርም አፕ ቱ» ይባላል። እዚህ ጋር «ቱ» ወሳኝ ናት።

«ሺ ኢዝ ዋርሚንግ አፕ ቱ ሂም» = እየለመደችው ነው፣ ልቧ እየከፈተለት ነው። የፍቅር ጥያቄ ተቀበለች ማለት ግን አይደለም፤ ገና መንገድ ላይ ናት። ልጅ እንግዳ ፈርቶ እናቱ ቀሚስ ሥር ከተደበቀ በኋላ ቀስ ብሎ መጫወት ሲጀምርም ይኸው ይባላል።

ለሐሳብም ይሠራል። «አይ አም ዋርሚንግ አፕ ቱ ዘ አይዲያ» = መጀመሪያ አልተዋጠልኝም ነበር፣ አሁን ግን እየተስማማኝ ነው። አሠሪ ወይም ደንበኛ እንዲህ ከጻፈላችሁ እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። ትንሽ ግፉበት ማለት ነው።

እንግሊዞች «አፕ»ን ጥለው «ዋርም ቱ» ማለት ይወዳሉ። አሜሪካኖች ሁለቱንም ይላሉ።

8. በአገራት መካከል

ዲፕሎማሲ የሚያወራው በሙቀት ቋንቋ ነው። «ቀዝቃዛው ጦርነት» የሚለውን አስታውሱ። እዚያ ቋንቋ ውስጥ ቅዝቃዜ መራራቅ ነው፣ ሙቀት ደግሞ መቀራረብ። «ሪሌሽንስ አር ዋርሚንግ አፕ» = ግንኙነታቸው እየተሻሻለ ነው።

ከራሳችን ታሪክ እንውሰድ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ሲገቡና በማግስቱ ከፕሬዝዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ጋር የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ሲፈራረሙ የነበረውን ሁኔታ በእንግሊዝኛ ለመግለጽ «ዋርም» እና «ቶው» የሚሉት ቃላት ይስማማሉ። «ቶው» ማለት በረዶ መቅለጥ ነው። ሁለቱም የመልካም ዜና ቃላት ናቸው።

ውጥረት ሲጨምር ግን ቃሉ ይቀየራል፦ «ቴንሽንስ አር ሂቲንግ አፕ»። እዚህ ጋር ነው ተርጓሚ የሚወድቀው። «ዋርም» ካለ መቀራረብ፣ «ሂት» ካለ መጋጋል። ሁለቱንም «ጋለ» ብላችሁ ከተረጎማችሁ አንዱን ዜና ገልብጣችሁታል። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የቱ እንደሆነ እዩ።

9. የኦንላይን «ዋርም አፕ»

ዲጂታል ማርኬቲንግ የምትማሩ ይህን ታገኙታላችሁ። አዲስ የተከፈተ የኢሜል አድራሻ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሺህ መልእክት ቢልክ ሲስተሙ አጭበርባሪ ነው ብሎ ወደ ስፓም ይጥለዋል። ስለዚህ በትንሽ ቁጥር ተጀምሮ በየቀኑ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ «ኢሜል ዋርም አፕ» ይባላል። ሐሳቡ ያው ነው፦ ከቅዝቃዜ በቀጥታ ወደ ሩጫ አይገባም።

«ዋርም አፕ» እና «ሂት አፕ» በምን ይለያሉ?

ምግብ ላይ ብዙ ጊዜ ይተካካሉ። «ዋርም አፕ ዘ ሱፕ» ብትሉም «ሂት አፕ ዘ ሱፕ» ብትሉም ሰው ይረዳችኋል፣ ሁለተኛው ትንሽ ጠንከር ይላል። ሌላ ቦታ ግን እንዲህ ይለያያሉ፦

• ዋርም አፕ ለስለስ ያለ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደስ የሚል ሙቀት ነው። ሂት አፕ ጠንካራ ነው፣ ችግርም ሊሆን ይችላል።
• ስልካችሁ ሲግል «ማይ ፎን ኢዝ ሂቲንግ አፕ» በሉ። «ዋርሚንግ አፕ» ካላችሁ ስልኩ ለስፖርት የሚዘጋጅ ይመስላል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ «ኦቨርሂቲንግ» ነው። አፕል ለምሳሌ አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራበት ይመክራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስልክ አትተዉ።
• ሰው ከስፖርት በፊት «ሂት አፕ» አያደርግም፣ ሁልጊዜ «ዋርም አፕ» ነው።
• ክርክር፣ ምርጫ፣ ፉክክር ሲጧጧፍ «ሂት አፕ» ነው።

አረፍተ ነገር ውስጥ የት ይገባል?

የሚሞቀው ነገር በስሙ ከተጠራ ሁለት ቦታ መቀመጥ ይችላል፦

• ዋርም አፕ ዘ ሚልክ ✔
• ዋርም ዘ ሚልክ አፕ ✔

«ኢት» ወይም «ዜም» ከሆነ ግን መሐል ብቻ ነው የሚገባው፦

• ዋርም ኢት አፕ ✔
• ዋርም አፕ ኢት ✘

ይህ ፈተና ላይ የሚወደድ ጥያቄ ነው። «ዋርም አፕ ቱ» ግን አይከፈልም። «ዋርም አፕ ቱ ሂም» ነው፣ መሐሉ ምንም አይገባም።

ሌላው አጻጻፉ ነው። ግስ ሲሆን ሁለት ቃል ሆኖ ተለያይቶ ይጻፋል። ስም ወይም ቅጽል ሲሆን መሐሉ ላይ ትንሽ ሰረዝ ይገባል። ስትናገሩትም ይለያል፦ ግስ ሲሆን ጫናው «አፕ» ላይ፣ ስም ሲሆን «ዋርም» ላይ ይወድቃል።

የአማርኛ ወጥመዶች

«ሞቀ» በአማርኛ ብዙ ሥራ ይሠራል፣ ሁሉም ግን «ዋርም አፕ» አይሆንም።

• «ሞቅ ብሎታል» = ትንሽ ጠጥቷል። እንግሊዝኛው «ቲፕሲ» ነው። «ሂ ዋርምድ አፕ» ካላችሁ ስፖርት ሠራ ወይም ብርዱ ለቀቀው ብለው ይረዱታል።
• «ሞቀኝ» = «አይ አም ሆት»። አየሩን እያወራችሁ ከሆነ ችግር የለውም። ከየትም ተነስታችሁ ከተናገራችሁት ግን «ቆንጆ ነኝ» የሚል ትርጉምም አለው። «ኢትስ ሆት ሂር» ካላችሁ ትገላገላላችሁ።
• «ሞቅ ያለ አቀባበል» = «ዋርም ዌልካም»። ይህኛው በቀጥታ ይሄዳል፣ «አፕ» ግን የለውም።
• «የቤት ምርቃት» = «ሃውስዋርሚንግ»። ሙቀቱ እዚህም አለ፣ ግን ቤቱን ማንም አያሞቀውም፣ ግብዣ ነው።

ሁለት ዘመዶቹን ደግሞ እንካችሁ። «ላይክ ዴዝ ዋርምድ አፕ» እንግሊዞች በጣም የታመመ ወይም የደከመ ሰው ሲያዩ የሚሉት ነው፣ አሜሪካኖች «ዋርምድ ኦቨር» ይሉታል። ሞቶ የተነሳ ይመስላል እንደማለት ነው። ስለ እናንተ ከተባለ ሄዳችሁ ተኙ። «ዋርምድ ኦቨር» ለሐሳብ ሲባል ደግሞ አዲስ ያልሆነ፣ የትናንቱ ተሞቆ የቀረበ ማለት ነው። ለምግብ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለንግግር ግን ስድብ ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. ጓደኛችሁ «ማይ ዳድ ኢዝ ዋርሚንግ አፕ ቱ ማይ ቦይፍሬንድ» አለች። አባቷ ተናደዋል ወይስ እየወደዱት ነው?
2. «ፕሊዝ ዋርም አፕ ኢት» ትክክል ነው?
3. ዜናው «ዘ ኤሌክሽን ሬስ ኢዝ ሂቲንግ አፕ» ይላል። ምርጫው ቀዘቀዘ ወይስ ተጧጧፈ?
4. አስተናጋጇ «ካን አይ ዋርም ዛት አፕ?» ስትላችሁ ስኒውን ትሰጧታላችሁ ወይስ ጠረጴዛው ላይ ትተዉታላችሁ?
5. «ስልኬ ጋለ» ለማለት የትኛው ይሻላል፦ ዋርሚንግ አፕ ወይስ ሂቲንግ አፕ?
6. አሠሪያችሁ «ዋርም አፕ ዘ ቦትል» ስትል ጡጦው ይፍላ ወይስ ለብ ይበል?

መልስ፦ 1. እየወደዱት ነው። 2. አይደለም፣ «ፕሊዝ ዋርም ኢት አፕ» ነው። 3. ተጧጧፈ። 4. ጠረጴዛው ላይ ተዉት፣ ትኩስ ትጨምርበታለች። 5. ሂቲንግ አፕ። 6. ለብ ይበል።

ስድስቱንም ካገኛችሁ ቃሉ የእናንተ ነው። ስድስተኛውን የሳተ ካለ ቁጥር 2ን ድጋሚ ያንብብ፣ ልጅ ያለበት ጉዳይ ነው። ውጭ ሄዳ ሕፃን ለመያዝ የምትዘጋጅ እህት ወይም ጓደኛ ካለቻችሁም ይህን ላኩላት። ቀጣይ የትኛውን ቃል እንድንሠራ እንደምትፈልጉ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።